ቁመት ወይስ ጠባይ? በተነባበረ ጣውላ ስለተሠሩ ሕንጻዎች የቀረበ ትችት

ስለ አንድ ሕንጻ የሚጻፍ ትችት ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ሊያልፍ አይገባውም። የመጀመሪያው፥ ሕንጻው ከምን ተሠራ? የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ የተሠራበት ነገር ጠባይ በሕንጻው አቋም ላይ ይታያልን? የሚል ነው። ባለፉት ዓመታት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በተነባበረ ጣውላ ስለተሠሩት ረጃጅም ሕንጻዎች ብዙ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ከተጻፈው የሚበዛው የሚያተኩረው በሦስተኛ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም፥ የትኛው ሕንጻ ከየትኛው ይረዝማል? የሚል ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሻው፥ ይህ የቁመት ፉክክር የጣውላውን ሰሌዳ እውነተኛ ጠባይ እንደ ሰወረው፥ መልካሙንም ሕንጻ ከመካከለኛው የምንለይበት መለኪያ ቁመቱ ሳይሆን እቅዱ መሆኑን ነው። ለዚህም ሦስት ሕንጻዎችን መርጠናል። አንዱ በሎንዶን፥ ሁለተኛው በካናዳ በቫንኩቨር፥ ሦስተኛው በኖርዌይ በብሩሙንዳል ይገኛሉ። ሕንጻዎቹን በዓይናችን አላየናቸውም፤ የምንፈርደው በእቅዳቸው፥ በፎቶግራፋቸውና ስለ አሠራራቸው በታተመው መግለጫ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሰሌዳው ጠባይ

አስቀድመን ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንናገራለን። የተነባበረ ጣውላ ሰሌዳ የምንለው፥ ደርቀው የተላጉ የጥድ ወገን ሳንቃዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፥ በላያቸው ሌላ ረድፍ በመስቀለኛ ተነጥፎ፥ ሁሉም በኮላ ተጣብቆና በመጫኛ ተጨምቆ የሚገኘው ወፍራም ገበታ ነው። ረድፎቹ ብዙ ጊዜ ሦስት፥ አምስት ወይም ሰባት ናቸው። ጎዶሎ ቁጥር የሚመረጠው በሁለቱም ፊት ያሉት ረድፎች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄዱና ሰሌዳው እንዳይጣመም ነው። ኮምፔንሳቶ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ልዩነቱ በኮምፔንሳቶው ስስ ገጽ ፈንታ እዚህ ሙሉ ሳንቃ መግባቱ ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም የሚመነጨው ከእንጨት ተፈጥሮ ነው። እንጨት እንደ ሸምበቆ ነዶ ነው። ነዶው ቆሞ ሲጫኑት ብዙ ይሸከማል፤ አጋድመው ሲጫኑት ግን ይጨፈለቃል። እርጥበት ባገኘው ጊዜም በርዝመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በጎኑ ያብጣል፥ ሲደርቅም በጎኑ ይኮማተራል። ሳንቃዎቹ በመስቀለኛ ሲጣበቁ ግን አንዱ ረድፍ የሌላውን እብጠት ይገታዋል፤ ሰሌዳውም ጭነትን በሁለት አቅጣጫ ለመሸከም ይችላል። ስለዚህ በብዙ አገር ቋሚና አግዳሚ፥ ማገርና ወራጅ ሆኖ ሲያገለግል የኖረው እንጨት እንደ አርማታ ወለል ወጥ ገጽ ለመሆን በቃ። ይህን አሠራር በምርምር ካጸኑት አንዱ የግራዝ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ኦስትሪያዊ ጌርሃርድ ሺክሆፈር ሲሆኑ፥ ለዚሁ ሥራቸው በ2019 የማርኩስ ዋለንበርግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ክብደቱም ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፥ ከጥድ ወገን የተሠራው ሰሌዳ አንድ ሜትር ኩብ ብዙ ጊዜ 500 ኪሎ ግራም አይሞላም። ይህ ለመሠረትና ለማጓጓዝ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ቀላል ነገር ድምፅን ያሳልፋል፥ በነፋስም ይወዛወዛል።

እንግዲህ የሰሌዳውን ጠባይ በአራት ቃላት ልናጠቃልለው እንችላለን። ሰሌዳው ገጽ ነው፤ ቀላል ነው፤ አጋድመው ሲጫኑት ይጨፈለቃል፤ ይነዳል። ሦስቱን ሕንጻዎች የምንለካው በእነዚህ በአራቱ ነው።

፪. የሎንዶኑ ቤት

በሎንዶን በሀክኒ ወረዳ በመሪ ግሮቭ መንገድ ላይ የቆመው ሽታትሃውስ የተባለው መኖሪያ ቤት በ2009 ተፈጸመ። ንድፉን ያወጡት ዋው ቲስልተን የተባሉት አርክቴክቶች ሲሆኑ፥ መሐንዲሱ ቴክኒከር የተባለው ድርጅት ነው። ቤቱ ከምድር ቤቱ ጋር ዘጠኝ ፎቅ አለው። የምድር ቤቱ ከአርማታ ተሠራ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ስምንቱ ግን ግድግዳቸውና ወለላቸው፥ የደረጃውና የአሳንሰሩ ጉድጓድም ሳይቀር ከተነባበረ ጣውላ ተሠሩ። በውስጡ 29 መኖሪያዎች አሉ። ሰሌዳዎቹ የመስኮትና የበር ክፍተታቸው በኦስትሪያ በፋብሪካ ተቈርጦላቸው መጡ፤ አራት ሠራተኞችም የስምንቱን ፎቅ አካል በ27 የሥራ ቀን አቆሙት። ግድግዳዎቹ 13፥ ወለሎቹ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አላቸው።

ቤቱ ሲሠራ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው በ27ቱ ቀንና በዘጠኙ ፎቅ ላይ ነበር። እኛን እቅዱን ስንመለከት የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። ምሰሶ ለምኔ ብሏል። ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች ራሳቸው ተሸካሚዎች ናቸው። የማር እንጀራ ዓይኖች እርስ በርሳቸው እንደሚደጋገፉ እነዚህም ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ከዚህም የተነሣ ቤቱ ለመኖሪያ እንጂ ለሌላ ነገር አይመችም። ነገ ግድግዳውን አንሥቼ ሰፊ አዳራሽ ላድርግበት የሚል ባለቤት ቢመጣ እቅዱ እሺ አይለውም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ። እኛ ግን እንደ እውነተኛነት እንቈጥረዋለን፤ ሰሌዳው ገጽ ስለሆነ እቅዱም ከገጽ ተሠራ። ብዙ ግድግዳ የሚፈልገው አገልግሎት፥ ማለት መኖሪያ ቤት፥ ግድግዳ መሆን ለሚወድ ነገር ተሰጠው።

ይሁን እንጂ በሎንዶን ከተማ ሰሌዳ በሰሌዳ ላይ ስለሚቆምበት ቤት የሚናገር ሰው ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ። በሜይ 16 ቀን 1968 ሮናን ፖይንት በተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንጻ፥ በ18ኛው ፎቅ ላይ የደረሰ የጋዝ ፍንዳታ የአርማታውን ግድግዳ ሰሌዳ ገፍቶ አወጣው። ከበላዩ ያሉት ድጋፍ አጥተው ወረዱ፤ ሲወርዱም ከታች ያሉትን እየመቱ የሕንጻውን አንድ ጥግ እስከ ታች ናዱት። አራት ሰዎች ሞቱ። ከዚህ አደጋ የተገኘው ትምህርት፥ ሰሌዳው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ቤቱ ጠንካራ እንደማይሆንና ነገሩ ያለው በመገጣጠሚያው መሆኑ ነው።

የመሪ ግሮቭ መሐንዲሶች ይህን ትምህርት አልዘነጉትም። አንድ ግድግዳ በድንገት ቢነሣ፥ በላዩ ያለው ወለል ጭነቱን ወደ ቀሩት ግድግዳዎች አሻግሮ ሳይወድቅ እንዲቆይ አድርገው አሰሉት። ይህ ሊሆን የቻለው ሰሌዳው በሁለት አቅጣጫ ስለሚሸከም ነው። እዚህ ላይ የሳንቃዎቹ መስቀለኛ አነባበር የፋብሪካ ብልሃት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የነዋሪው ዋስትና ሆነ። አንድ ሕንጻ የተሠራበትን ነገር ጠባይ ዐውቋል ለማለት ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

አሁን ወደ ወቀሳው እንምጣ። ወደዚህ ቤት የሚገባ እንግዳ እንጨቱን አያየውም። ውስጡ በጅብሰም ሰሌዳ ተሸፍኗል፤ ውጭው ደግሞ ነጭ፥ ግራጫና ጥቁር በሆኑ ትናንሽ ሰሌዳዎች ለብሷል። ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ሐሳባችን ቤቱን በግብዝነት ለመክሰስ ነበር። ከእንጨት ተሠርቶ እንጨትነቱን የሚደብቅ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ብለን ነበር። ነገሩን ስንመረምር ግን ክሳችንን ለሁለት ከፍለን፥ አንዱን መተው፥ አንዱን ማጽናት ግድ ሆነብን።

፫. ስለ መሸፈን

የሚታየው ነገር ሁሉ የተሠራበትን ነገር መግለጥ አለበት የሚለው ሕግ እጅግ ጠባብ መሆኑን የገዛ አገራችን ሕንጻዎች ያስተምሩናል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ድንጋይና እንጨት በረድፍ ተነባብረዋል፤ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የእንጨቶች ጫፎችም ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ጫፎቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ግድግዳውን አሥረው የሚይዙት እንጨቶች ራሶች ናቸው። በታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ላይ ደግሞ ያው የእንጨት ጫፍ፥ ያው መስኮትና ያው በር በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። እዚያ የሚታሠር ግድግዳ የለም። ታዲያ ደብረ ዳሞ እውነት፥ አክሱም ሐሰት ነው ብሎ ማን ይፈርዳል? ሐውልቱ የቤትን መልክ የወሰደው ለመቃብር ምልክትነት ነው፤ ያንን አገልግሎት ደግሞ በሚገባ ይፈጽማል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፥ የሚታየው ነገር ከተሠራበት ጋር አንድ ነውን? ሳይሆን፥ የሚታየው ነገር ለምን አገልግሎት እንዲህ ሆነ? የሚል ነው።

የጣውላው ሰሌዳ የሚሸፈንበት ዋና ምክንያት እሳት ነው። ወፍራም እንጨት ሲነድ ፊቱ ይከስላል፤ ከሰሉም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ፈጥኖ እንዳይገባ ስለሚከላከል እሳቱ የሚገሠግሠው በዝግታ ነው። መሐንዲሶች የጥድ ወገን እንጨት በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ይከስላል ብለው ያሰላሉ። በዚህ ስሌት አንድ ሰዓት የቆየ እሳት 39 ሚሊ ሜትር ይበላል። የቀረው ውፍረት ጭነቱን ለመሸከም ከበቃ ቤቱ አይወድቅም። የጣውላው ወዳጆች ደጋግመው የሚነግሩን ይህን ነው፤ እውነትም ነው። ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

በምድጃ አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንድ ወፍራም ግንድ ብቻውን ቢተው ይጠፋል፤ ሁለት ግንዶች ፊት ለፊት ሲጠጋጉ ግን እርስ በርሳቸው ይቀጣጠላሉ። የተገለጡ የጣውላ ግድግዳዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲተያዩም እንዲሁ ነው። የክፍሉ ዕቃ ነድዶ ካለቀ በኋላ እሳቱ መጥፋት ሲገባው፥ ግድግዳዎቹ አንዱ ሌላውን እያጋሉ መንደዳቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። በተጨማሪም ኮላው በሙቀት የሚለሰልስ ዓይነት ከሆነ የከሰለው ረድፍ ተላቆ ይወድቅና ገና ያልነደደ እንጨት ለእሳቱ ይጋለጣል፤ ሊበርድ የተቃረበውም እሳት እንደ ገና ያገረሻል። በሰሜን አሜሪካ የዚህ ሰሌዳ የጥራት ደረጃ በ2018 ሲታደስ ኮላው በእሳት ፈተና እንዲያልፍ የተጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉም ይህንኑ ያንጸባርቃል። በአሜሪካ ብዙ ክፍላተ ሀገር መነሻ የሚያደርጉት ዓለም አቀፍ የሕንጻ ደንብ በ2021 እትሙ ለጣውላ ሕንጻዎች ሦስት አዲስ ደረጃዎችን አወጣ። እንጨቱ በሙሉ ከተሸፈነ እስከ 18 ፎቅ፥ በከፊል ከተገለጠ እስከ 12 ፎቅ፥ በብዛት ከተገለጠ ደግሞ እስከ 9 ፎቅ ይፈቀዳል። በ2024ቱ እትም በመካከለኛው ደረጃ የጣራውን የታች ፊት በሙሉ መግለጥ ቢፈቀድም መሠረተ ሐሳቡ አልተለወጠም፤ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር እንጨቱ ይሰወራል። እንግዲህ ሕንጻው እጅግ ረጅምም ይሁን፥ እንጨቱም በሙሉ ይታይ የሚል ሰው ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ይጠይቃል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ከዚህም የጠነከረ ነው። በ2017 በሎንዶን በግሬንፌል ታወር በተነሣው እሳት 72 ሰዎች ሞቱ። የዚያ ሕንጻ አካል አርማታ ነበር፤ እሳቱን ያዛመተው በኋላ የተለጠፈበት የውጭ ልባስ ነው። በዚህም የተነሣ በ2018 ከ18 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው መኖሪያ ቤቶች የውጭ ግድግዳ ውስጥ የሚነድ ነገር እንዳይገባ በሕግ ተከለከለ። ስለዚህ የመሪ ግሮቩ ቤት ዛሬ ቢታቀድ የውጭ ግድግዳዎቹን በዚያው አኳኋን ለማቆም አይችልም። ጣውላው ባልሠራው ጥፋት ተቀጣ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሕግ አውጪው የሚጠየቀው በፎቁ ላይ ተኝቶ ስላለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የቤቱን ግድግዳ ከፍቶ ለማየት አይችልም። የሚነድ ነገርን ከፍ አድርጎ ለማቆም የሚሻ ሁሉ ማስረጃ የማቅረብ ዕዳ የራሱ መሆኑን መቀበል አለበት።

እንግዲህ የውስጡ ጅብሰም ግብዝነት አይደለም። እሳትን ይከላከላል፤ ከሥሩ ከሚገባው የድምፅ መከላከያ ጋር ሆኖም የጎረቤትን ጫጫታ ይቀንሳል። ይህን ክሳችንን ትተናል። የውጭው ልብስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትናንሾቹ ነጭና ጥቁር ሰሌዳዎች ብርሃንና ጥላ እንዲመስሉ በግድግዳው ላይ ተበትነዋል። ቤቱን ከመንገድ ላይ የሚያይ ሰው ግን ወለሉ የት እንደሚያርፍ፥ ተሸካሚው ግድግዳ የት እንደሚቆም ከእነርሱ ሊረዳ አይችልም። በውስጥ ያለው ግሩም የማር እንጀራ በፊቱ ላይ ምንም ምልክት አላገኘም። እሳት የሚያስገድደን እንጨቱን እንድንሸፍን ነው እንጂ እቅዱን እንድንሸፍን አይደለም። ይህን ሁለተኛውን ክሳችንን እናጸናለን።

፬. የቫንኩቨሩ የተማሪዎች ማደሪያ

ብሮክ ኮመንስ የተባለው ሕንጻ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2017 የተከፈተ፥ ከ400 በላይ ተማሪዎች የሚያድሩበት ቤት ነው። አርክቴክቶቹ አክተን ኦስትሪ፥ መሐንዲሶቹ ፋስት ኤንድ ኤፕ ናቸው። ቁመቱ 53 ሜትር ያህል፥ ፎቁም 18 ነው። የምድር ቤቱና ደረጃና አሳንሰር የያዙት ሁለት ማማዎች ከአርማታ ተሠሩ። በቀሩት 17 ፎቆች ወለሉ ከተነባበረ ሰሌዳ ነው፤ ቋሚዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ሳንቃቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርቦ ከተጣበቀ ጣውላ ናቸው።

አንባቢያችን፥ ቋሚ ያለበት ቤት ገጽ ከሆነው ሰሌዳ ጠባይ ርቋል ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ሕንጻ ቋሚዎቹን የሚያገናኝ አግዳሚ የለም። ወለሉ ያለ አግዳሚ በቀጥታ በቋሚዎቹ ላይ አርፎ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሸከማል። ቋሚዎቹ በአንድ ወገን 2.85፥ በሌላው ወገን 4 ሜትር ይራራቃሉ፤ ይህም ለሰሌዳውም ለተማሪ መኝታ ክፍልም የሚስማማ ልክ ነው። የክፍሉ ልክና የሰሌዳው ልክ እንዲህ ሲገናኙ እቅዱ ከተሠራበት ነገር ወጣ እንላለን።

ሦስተኛውም ጠባይ አልተረሳም። እንጨት አጋድመው ሲጫኑት ይጨፈለቃል ብለናል። ወለሉ በላይኛውና በታችኛው ቋሚ መካከል እንደ ትራስ ቢገባ ኖሮ፥ የላይኞቹ ፎቆች ሁሉ ክብደት በዚያ ቦታ ጎኑን ይጨፈልቀው ነበር። ስለዚህ የቋሚው ጭነት በብረት መጋጠሚያ አማካይነት ወለሉን አልፎ በቀጥታ ወደ ታችኛው ቋሚ እንዲሄድ ተደረገ፤ ወለሉም የገዛ ፎቁን ጭነት ብቻ ይሸከማል። የእንጨቱ አካል ከ70 ቀን ባነሰ ጊዜ ቆመ፤ ለእኛ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ይህች መጋጠሚያ ትበልጣለች።

በዚህም ቤት ውስጥ እንጨቱ በጅብሰም ተሸፍኗል። በላይኛው ፎቅ በሚገኘው የተማሪዎች መሰብሰቢያ ክፍል ግን ተገልጦ ይታያል። ይህ ብልህ አደራረግ ነው። ሰው በሚተኛበት ክፍል ጥንቃቄው ይቀድማል፤ ሁሉ በሚገናኝበት በአንድ ስፍራ ደግሞ ነዋሪው የሚኖርበትን ነገር ያያል፥ በእጁም ይዳስሳል። መሪ ግሮቭ እንዲህ ያለ አንድ ስፍራ እንኳ ቢኖረው ወቀሳችን በጣም በቀለለ ነበር።

፭. የኖርዌዩ ማማ

በብሩሙንዳል ከተማ በምዮሳ ሐይቅ ዳር በ2019 የተፈጸመው ምዮስቶርነት 85.4 ሜትር ቁመትና 18 ፎቅ አለው። ሲመረቅ ከዓለም የጣውላ ሕንጻዎች ሁሉ ረጅሙ ተብሎ ነበር። በ2022 ግን በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የቆመው አሴንት የተባለው ባለ 25 ፎቅ ሕንጻ በ86.6 ሜትር በለጠው። ልዩነቱ የአንድ ልጅ ቁመት ያህል፥ 1.2 ሜትር ነው። የአሴንት የታችኞቹ ፎቆች ከአርማታ መሆናቸውንም ማስታወስ ይገባል።

ምዮስቶርነትን የተሸከመው ምንድን ነው? እጅግ ወፋፍራም በሆኑ የተጣበቁ ጣውላዎች የተሠራ ቋሚ፥ አግዳሚና ሰያፍ አጥንት ነው። የተነባበረው ሰሌዳ የገባው በደረጃው፥ በአሳንሰሩ ጉድጓድና በበረንዳው ነው፤ ሕንጻውን ቀጥ አድርጎ የመያዝ ዋናው ሥራ የእርሱ አይደለም። እንጨት ቀላል ስለሆነም ረጅሙ ሕንጻ በነፋስ ሲወዛወዝ ነዋሪውን እንዳያውክ፥ የላይኞቹ ሰባት ፎቆች ወለል ክብደት እንዲጨምር ከአርማታ ተሠራ። በሎንዶንና በቫንኩቨር አርማታው ከታች ሆኖ እንጨቱን ተሸከመ፤ በብሩሙንዳል ግን እንጨቱ አርማታውን ወደ ላይ ተሸከመ።

ይህን የምንጽፈው የመሐንዲሶቹን ሥራ ለማቃለል አይደለም። የነፋሱን ችግር በግልጽ አይተው በግልጽ ፈትተውታል፤ ሰያፉ አጥንትም የሚሠራውን ሥራ የሚናገር መልካም አጥንት ነው። የምንወቅሰው ሕንጻውን የተነባበረ ሰሌዳ ድል አድርገው የሚያቀርቡትን ጸሐፊዎች ነው። ከሦስቱ ሕንጻዎች በጣም ረጅሙ ሰሌዳውን በጣም ጥቂት የተጠቀመበት ነው። በዘጠኝ ፎቅ ሰሌዳው ግድግዳም ወለልም ነበር፤ በ18 ፎቅና በ53 ሜትር ወለል ብቻ ሆነ፤ በ85 ሜትር ወደ ደረጃና ወደ በረንዳ ተወሰነ። ከሦስት ሕንጻዎች አጠቃላይ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ አካሄዱ ግን ከጠባዩ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ሰሌዳውን በቁመት የሚለካ ሰው፥ ዓሣን ዛፍ በመውጣት እንደሚፈትን ሰው ነው።

፮. ከቁመት በፊት የሚጠየቀው

ቁመት መለኪያ ካልሆነ ነዳፊው ስለ ምን ይጨነቅ? ሦስት ነገሮችን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው ኮላው ነው። በማርች 2018 በአሜሪካ በኦሬገን በአንድ ዩኒቨርሲቲ በመሠራት ላይ በነበረ የደን ትምህርት ኮሌጅ ሕንጻ፥ የአንድ ወለል ሰሌዳ ክፍል ከረድፎቹ ተላቆ ከታች ወዳለው ፎቅ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ምክንያቱ ሲመረመር ኮላው ሰሌዳው ከመጨመቁ በፊት ጠንክሮ በሚገባ አለመያዙ ታወቀ፤ ሌሎች ብዙ ሰሌዳዎችም ተለወጡ። ሕንጻው ረጅም አልነበረም፤ ስለዚህም ስለ ቁመት የሚጽፉት ብዙ አላስተዋሉትም። እኛ ግን ከብዙ ሜትር ይልቅ ይህ የአንድ ሰሌዳ መውደቅ ያስተምራል እንላለን።

ሁለተኛው ውሃ ነው። እንጨት እርጥበቱ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህል አልፎ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሊበሰብስ ይችላል። ቅድም ለእሳት ብለን የመሰከርንለት መሸፈኛ እዚህ ላይ ዕዳ ያመጣል፤ ከጅብሰም ጀርባ የሚንጠባጠብ ውሃ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ የሸፈነ ሁሉ መመርመሪያ ክፍተት መተው፥ የቧንቧውንም መንገድ ሊደረስበት በሚችል ስፍራ መሰብሰብ ግዴታው ነው። ይህ ሥራ በእቅድ እንጂ በጥገና አይፈጸምም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በአርማታ ሥራ የተረሳ ቀዳዳ ከሥራው ቦታ ላይ ሊታረም ይችላል፤ ዋጋው ግን ብዙ ነው። በሰሌዳ ሥራ እያንዳንዱ በር፥ እያንዳንዱ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ መንገድ በፋብሪካ ከመቈረጡ በፊት መታወቅ አለበት። ለ27ቱ ቀን የተደነቀ ሰው፥ ከ27ቱ ቀን በፊት በወረቀት ላይ ያለፉትን ወራት ማድነቅ ይገባው ነበር።

ለእንጨት ሕንጻ ዘወትር ስለሚቀርበው ስለ ካርቦን ምስጋናም አንድ ቃል እንጨምር። የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን ነው፤ ያ ካርቦን በሕንጻው ውስጥ ተቀምጦ መቆየቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሚቆየው ሕንጻው እስከ ቆመ ድረስ ነው፤ በተቈረጠውም ዛፍ ስፍራ ሌላ ካልበቀለ ሒሳቡ ይጎድላል። ከበሰበሰና ከፈረሰ ረጅም ሕንጻ ይልቅ፥ ደርቆ መቶ ዓመት የሚቆም ባለ አምስት ፎቅ ቤት ይህን ምስጋና ይበልጥ ይገባዋል።

፯. ማጠቃለያ

በአራቱ መለኪያዎች ስንመዝን፥ ከሦስቱ ሕንጻዎች የቫንኩቨሩን እናስቀድማለን። ገጽነቱን ያለ አግዳሚ በተዘረጋው ወለል፥ ድካሙን በብረት መጋጠሚያው፥ እሳቱን በመሸፈኛው ዐውቆ መልሷል፤ ለዓይንም አንድ ስፍራ ትቷል። የሎንዶኑ በእቅዱ ከዚህ አያንስም፤ በፊቱ ግን ዝም ያለ ቤት ነው። የኖርዌዩ በአጥንቱ የሚመሰገን ማማ ነው፤ ስለ ሰሌዳው ግን የሚያስተምረን፥ ሰሌዳው የት ላይ ማቆም እንዳለበት ብቻ ነው።

ይህን ስንጽፍ ሰሌዳው ወደ አገራችን ይምጣ ወይም አይምጣ ለማለት አይደለም፤ ያ ሌላ ጥናት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ፍላጎታችን፥ ከእኛ በኋላ ስለነዚህ ሕንጻዎች የሚጽፉ ተማሪዎች ከሜትሩ አስቀድመው እቅዱን እንዲዘረጉ፥ መገጣጠሚያውንም እንዲፈልጉ ነው። በፍርዳችን የተሳሳትንበት ነገር ቢኖር፥ እኛ ስለ ጅብሰሙ የነበረንን ክስ እንደተውን ሁሉ፥ በማስረጃ ለሚያርመን አንባቢ ይህንንም ለመተው ዝግጁዎች ነን።